ቅርቡ መንገድ ሲከብድ

ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ ስንወርድ በስተቀኝ የጋሞ ደጋ፣ በስተግራ ቀላ ያለው የአባያ ሐይቅ ያጅቡናል። ላንቴ በመካከላቸው ያለች የሙዝ አገር ናት። ወጣቶች ጥሬውን ሙዝ ከማሳ እየተሸከሙ መንገድ ዳር በቆመ አይሱዙ ላይ ይጭናሉ፤ ነጋዴው በስልክ ከአዲስ አበባ ተቀባዩ ጋር ዋጋ ይቆርጣል። ጋሞኛ ስለማልሰማ በአማርኛ አወጋን። ሥራዬ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ መሆኑን ሲሰማ፣ «ጋሼ፣ ድምፄ ያን ሁሉ አገር እንዴት ወዲያው ያቋርጣል?» አለኝ።

«ከስልክ ማማው ወዲያ ረጅሙን መንገድ የሚሄደው በብርሃን ነው» አልኩት፤ «በቀጭን የመስታወት ክር ውስጥ፣ በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል።»

ይህ ብርሃን ግን መሣሪያው ጋ ሲደርስ ወደ ኤሌክትሪክ ይለወጣል። በቦርዱ ላይ ከቺፕ ወደ ቺፕ የቀሩትን ጥቂት ሴንቲ ሜትሮች የሚያልፈው በመዳብ መስመር ነው። ፍጥነቱ በሰከንድ በአሥር ቢሊዮኖች የሚቆጠር ቢት ሲደርስ የኤሌክትሪክ ጅረቱ በመዳቡ ገጽ ላይ ብቻ ይጨናነቃል፤ የቦርዱም ቁስ ኃይሉን ይመጥጣል። በላንቴ የመስኖ ቦይ መሬቱ ውሃውን እየጠጣ እንደሚያሳንሰው፣ ምልክቱም እየደከመ ይሄዳል። እሱን ለማጠንከር የሚወጣው ኃይል ደግሞ ሙቀት ይሆናል።

ታዲያ ብርሃን ለምን እስከ ቺፑ አልዘለቀም? የአገር አቋራጭ ፋይበር ማስተላለፊያና መቀበያ ወጪው በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ላይ ይከፋፈላል። በቦርድ ላይ ግን ለእያንዳንዷ አጭር መስመር እነዚሁ ሁለቱ ያስፈልጋሉ፤ ጥቃቅን፣ ርካሽና ኃይል ቆጣቢ ካልሆኑ አያዋጡም።

ተመራማሪው ጆሴፍ ጉድማንና ባልደረቦቹ ቺፖችን በብርሃን የማገናኘትን ሐሳብ በሰፊው የተነተኑት እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። እንቅፋቱን ካቃለሉት መካከል ደግሞ አንዱ የእኛው ሰው ነው። ኢትዮጵያ የተወለደውና በኤምአይቲ የተማረው ዶክተር ሰለሞን አሰፋ፣ በኮምፒውተር ኩባንያው አይቢኤም ከፌንግኒያን ሺያና ከዩሪ ቭላሶቭ ጋር የሠራውን የጀርማኒየም ብርሃን መቀበያ እ.ኤ.አ. በ2010 በኔቸር መጽሔት አሳተመ። መቀበያው በሰከንድ 40 ቢሊዮን ቢት የሚያነበው በ1.5 ቮልት ነው፤ አንዲት ትንሽ የባትሪ ድንጋይ በምትሰጠው ማለት ነው። የቺፕ ኩባንያው ኤንቪዲያም እ.ኤ.አ. በ2025 የብርሃን ክፍሎቹን ከቺፑ ጎን፣ በአንድ እሽግ ያስቀመጡ የኔትወርክ መሣሪያዎችን አስተዋውቋል። ብርሃን ወደ ቺፑ እየተጠጋ ነው፤ ሥራው ግን ገና አላለቀም።

ከላንቴ አለፍ ብሎ፣ በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተጀመረው አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ዛሬ የኤሌክትሪክና የኮምፒውተር መሐንዲሶችን ያስተምራል። ወደዚህ ሥራ ለመግባት የቺፕ ፋብሪካ እስኪኖረን መጠበቅ የለብንም። ንድፉ በኮምፒውተር ይሠራል፤ መሠረቱንም አንድ ሌዘር፣ ጥቂት ሜትር ፋይበርና አንድ መቀበያ ያለበት የሙከራ ጠረጴዛ ያስተምራል። ይህን ጠረጴዛ በየዩኒቨርሲቲዎቻችን እንዘርጋ፤ የሰለሞንን ሥራ የሚቀጥሉ ልጆች አገራቸው ላይ ሆነው ይጀምሩ።