ሐኪሙ «በእግርዎ ይሂዱ» አላቸው፤ እኔ ሐዋሳ ወሰድኳቸው



እኛ አገር ሰው ዝም ብሎ ሲራመድ ከታየ ወይ ሥራ ፈት ነው፣ ወይ ከቤቱ ተጣልቶ ወጥቷል፣ ወይ ደግሞ ትንሽ ነካ አድርጎታል። ወደ ገበያ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ ለቅሶ ከሆነ እሺ። ለመሄድ ብቻ መሄድ ግን ጎረቤትን ያሳስባል። እኔም እስከ ባለፈው ዓመት ድረስ ከሚሳሰቡት ወገን ነበርኩ።

ነገሩ የጀመረው ከአባቴ ነው። ስኳራቸው ከፍ አለና ሐኪሙ መድኃኒት ከጻፈላቸው በኋላ «በቀን ሠላሳ ደቂቃ በእግርዎ ይሂዱ» አላቸው። አባዬ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ጉዟቸው ከሳሎኑ ሶፋ እስከ በረንዳው ወንበር ነው። «ዕድሜ ልኬን ስሄድ ኖሬ አሁን ደግሞ በትእዛዝ ልሂድ?» ብለው ሬድዮናቸውን ከፈቱ። አንድ ሳምንት ሙሉ ለምነን አስወጣናቸው። ምን ዋጋ አለው! የሰፈሩ ሰው ሁሉ «ጋሼ፣ ወዴት ነው? ደህና?» እያለ ሲያስቆማቸው በሦስተኛው ቀን ተመልሰው ሶፋቸው ላይ ተቀመጡ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔና አባቴ ከሰላምታና «ምሳ ቀርቧል» ከሚለው ውጭ ብዙም አናወራም ነበር። የማትሪክ ውጤት ሳይመጣልኝ ከቀረበት ቀን ጀምሮ ማለት ነው፤ አሥር ዓመት ሊሞላው ነው። ጠብ አልነበረም። ጠብ ቢሆን እኮ ሽማግሌ ይገባበታል! ዝምታ ነው። እሳቸው ስለ ትምህርት አያነሱም፣ እኔ ስለምጽፈው አልነግራቸውም። እናቴ በሕይወት ሳለች መሐላችን ሆና ታስተረጉምልን ነበር። እሷ ካረፈች በኋላ አስተርጓሚ ጠፋ።

ታዲያ ከጽሑፍ ያገኘኋትን ገንዘብ አጠራቀምኩና «አባዬ፣ ሐዋሳ እንሂድ። እዚያ የሚያውቅዎት ስለሌለ ወዴት ነው የሚልዎት የለም» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «አባባልሽስ እውነት ነው» አሉ።

ለምን ሐዋሳ?

ቢሾፍቱ አይቀርብም ወይ የምትሉ አትጠፉም። ይቀርባል፤ ከአዲስ አበባ ሃምሳ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ያልቃል። ነገር ግን የቢሾፍቱ ሐይቆች እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በተዋቸው ጉድጓዶች ውስጥ የተኙ ናቸው። ውኃው ዳር ለመድረስ ቁልቁል ይወረዳል፤ የወረደ ደግሞ መውጣቱ አይቀርለትም። ለወጣት ደስ ይላል፣ ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ግን ከላይ ሆኖ አይቶ ሻይ ጠጥቶ መመለስ ነው።

ሐዋሳ ሜዳ ናት። ከተማዋ ራሷ ሐይቁ ዳር ተዘርግታለች። ከፍታዋም ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከአዲስ አበባ ለወረደ ሰው ትንፋሽ ይቀለዋል። ችግሩ ርቀቱ ነው፤ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። በሞጆ፣ በመቂ፣ በዝዋይ፣ በአርሲ ነገሌ፣ በሻሸመኔ እያላችሁ ግማሽ ቀናችሁ ይሄዳል። ስለዚህ ሁለት ሌሊት የማታድሩ ከሆነ ድካሙ ነው የሚተርፋችሁ።

የመጀመሪያው ምሽት፦ ግድቡ ላይ

ከቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን አደባባይ ወደ ምዕራብ ቀጥ ብሎ የሚሄደው ሰፊ መንገድ ሐይቁ ላይ ይጥላችኋል። ቦታው ፍቅር ሐይቅ ይባላል። ስሙን የሰጡት ጥንዶቹ መሆን አለባቸው፤ እስካሁንም አልለቀቁትም!

ከዚያ ግራና ቀኝ የምትራመዱበት የአፈር ግድብ ነው። ምክንያት አለው። የሐዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውኃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከእሱ የሚወጣ ወንዝ የለም። ዝናብ በበዛባቸው ዓመታት ውኃው መሄጃ ሲያጣ ወደ ከተማዋ ይገፋል። ይህን ለመመከት የተሠራው ግድብ ነው እንግዲህ ለእኛ መንሸራሸሪያ የሆነልን።

ከአሥር ሰዓት በኋላ ወጣን። አባዬ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ እኔ በጎናቸው። ጀበና ያቀረቡ ሴቶች፣ ደብተር የያዙ ተማሪዎች፣ ፎቶ አንሺዎች፣ ጥንዶች። ፀሐይ የምትጠልቀው ከሐይቁ ማዶ ስለሆነ ውኃው መጀመሪያ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቀይ፣ በመጨረሻ እንደ ብረት ይሆናል። አንድ ሰዓት ሙሉ ተራመድን። አልተነጋገርንም። ግን አንድ ነገር ታዘብኩ፤ የግድቡ ዝምታ የሳሎኑን ዝምታ አይመስልም። ሳሎን ውስጥ ዝም ስንል ግድግዳው ነው የሚያየን። እዚህ ግን ሁለታችንም የምናየው ነገር አለን።

ጠዋት፦ አሞራ ገደል

በማግስቱ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ አሞራ ገደል ነበርን። ሰፊ ጥላ ያላቸው ዛፎች የሞሉበት፣ በትንሽ ክፍያ የሚገባበት የሐይቅ ዳር መናፈሻና የዓሣ ገበያ ነው። ዓሣ አጥማጆቹ በእንጨት ጀልባቸው ሌሊቱን የያዙትን ያራግፋሉ፤ ቆሮሶው ከመረብ ይለቀማል፣ አምባዛው በጢሙ ይታወቃል። ልጆቹ ቢላዋቸውን ሲያሽከረክሩ ዓይን አይከተላቸውም። የተጣለውን የሆድ ዕቃ የሚጠብቁት አባ ኮዳዎች ናቸው። ራሳቸው የተመለጠ፣ ትከሻቸው የጎበጠ፣ ጥቁር ካፖርት የደረቡ የሚመስሉ ግዙፍ ወፎች ናቸው። አባዬ አንዱን ትክ ብለው አዩና «ይኼ ድሮ አለቃዬ የነበረውን ሰውዬ ቁርጥ!» አሉ።

ዛፎቹ ላይ ጉሬዛዎች ጥቁርና ነጭ ካባቸውን ለብሰው እንደ መኳንንት ተቀምጠዋል። ጨዋዎች ናቸው። ጦጣዎቹ ግን ሌላ ናቸው! የተጠበሰ ቆሮሶ በዳቦና በዳጣ አዝዘን ገና ስንጀምር አንዷ ከኋላ መጥታ የአባዬን ዳቦ ከእጃቸው መንትፋ ዛፍ ላይ ወጣች። እኔ ደነገጥኩ። አባዬ ሳቁ። እናቴ ካረፈች ወዲህ እንደዚያ ሲስቁ ሰምቻቸው አላውቅም።

ሁለተኛው ምሽት

ማታ ወደ ጉዱማሌ በኩል ነበር የተራመድነው። ጉዱማሌ የሲዳማ ሕዝብ ዘመን መለወጫውን፣ ፍቼ ጫምባላላን የሚያከብርበት ሐይቅ ዳር ያለ ቦታ ነው። በዓሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ2015 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ይህን ለአባዬ ስነግራቸው ጥቂት ዝም አሉና በድንገት እንዲህ አሉ፦

«ውጤትሽ የተሰማ ቀን ለምን ዝም እንዳልኩ ታውቂያለሽ?»

ዓይናቸው ውኃው ላይ ነው። እኔም ውኃው ላይ።

«የምለው ጠፋኝ። ምንም አይደል ብልሽ ውሸት መሰለኝ። ብቆጣ ደግሞ የምትጎጂው አንቺ። ነገ እናገራለሁ አልኩ። ነገ ነገን እየወለደ ይኸው እዚህ ደረስን።»

እግሬ መራመዱን ቀጠለ እንጂ ልቤ ቆሟል። «እኔ አፍረውብኝ መስሎኝ ነበር አባዬ» አልኩ።

«ማፈር? ጋዜጣውን በየሳምንቱ ከሱቁ እየገዛሁ የማነብሽ አፍሬ ነው?» ቀጠሉና፣ «ደግሞ ስለ ሽሮ የጻፍሽው ስህተት አለበት። እናትሽ ሽሮዋ ውስጥ ኮረሪማ ጨምራ አታውቅም» አሉ።

እስቲ ይታያችሁ! አሥር ዓመት ሙሉ አንድ ቤት ስንኖር ያልተባለው፣ ሐይቅ ዳር በሃያ ደቂቃ ተባለ። ለምን መሰላችሁ? እኛ አባታችንን ፊት ለፊት እያየን እንድንናገር አላደግንም፤ ዓይን ሰበር ማድረግ ነው ጨዋነቱ። ሶፋ ላይ ፊት ለፊት የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ዓይናቸውን የት ይጣሉት? ጎን ለጎን ለሚራመዱ ግን ችግሩ የለም። ሁለቱም ወደፊት ያያሉ፣ ነገሩ መሐላቸው ይወጣል። ከባልሽ፣ ከእህትህ፣ ከወዳጃችሁ ጋር አፋችሁን የያዛችሁ ነገር ካለ ሽማግሌ ከመላካችሁ በፊት ይህን ሞክሩት።

ለምትሄዱ

ዝናቡ ካለፈ በኋላ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይስማማል። በቀትር አትውጡ፤ ጠዋት ከአሥራ ሁለት እስከ ሦስት ሰዓት፣ ማታ ከአሥር ሰዓት በኋላ ይሻላል። ጨለማ ሲይዝ ውኃው ዳር መቆየት ጥሩ አይደለም፤ ሐይቁ ጉማሬ አለበት፣ ትንኝም ይወጣል። እጅጌው ረዘም ያለ ልብስ ያዙ።

ውኃው ቢያምራችሁም አትግቡበት፣ እግራችሁንም አትንከሩ፤ ቢልሃርዚያ አለ። ጀልባ ከተሳፈራችሁ ዋጋውን ሳትወጡ ተስማሙ፣ የመንሳፈፊያ ጃኬት ከሌለ ይቅርባችሁ። ዓሣውን ጥሬውን የሚበሉ አሉ፤ እናንተ የበሰለውን ብሉ። ጦጣ ፊት ምግብ አታሳዩ፤ የአባዬን ዳቦ አስታውሱ!

ስኳር ያለበት ሰው ይዛችሁ ከሆነ በባዶ ሆዱ አታስኪዱት፤ ስኳሩ ድንገት ቢወርድ የሚሆን ከረሜላ ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር። ጫማው የለመደውና የማይቆረቁር ይሁን፣ ማታ እግሩን እዩለት፤ ትንሽ ቁስል ለስኳር በሽተኛ ትንሽ አይደለችም። ስንት ደቂቃ እንደሚበቃው ሐኪሙን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ጉልበት ያላችሁ ደግሞ አጠገቡ ያለውን የታቦር ኮረብታ ውጡ፤ ከተማውና ሐይቁ ባንድ ላይ ይታያል።

የአባዬ ስኳር ጠፋ ብዬ አልዋሻችሁም፤ መድኃኒታቸውን ዛሬም ይወስዳሉ። ግን ማታ ማታ አብረን እንወጣለን። ሐይቅ የለንም፤ ያለን የሰፈራችን ኮብልስቶን ነው። ጎረቤቱም አልተለወጠም፣ «ጋሼ፣ ወዴት ነው?» ይላቸዋል።

«የትም! ከልጄ ጋር ወክ ላይ ነኝ» ይሉታል አባዬ፣ ሳይቆሙ።

ቸር ሰንብቱ!