የሞተ ገንዘብና የዕቁብ ዋስ

የአሜሪካኖቹን እግር ኳስ እንወዳለን ብለን ብንጽፍ ብዙ አንባቢ ይስቅብን ይሆናል። በእጅ እየተያዘ የሚሮጥበትን ጨዋታ እግር ኳስ ማለትስ ምን ይሉታል! ዳሩ ግን የምንጽፈው ስለ ሜዳው ጨዋታ ሳይሆን ስለ ወረቀቱ ነው። እኛ ሁለት የሥነ ጥበባት ፋኩልቲ ተማሪዎች፣ የአንድ መኝታ ክፍል ተጋሪዎች፣ ከ2023 ክረምት ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የአንድ ቡድን ባለቤቶች ነን። ቡድኑ ስታዲየምም ማሊያም የለውም፤ ዕዳ ግን ሊኖረው ይችላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሥራ ሁለት ባለቤቶች ማኅበር ይመሠርቱና በእውነተኛው ሊግ የሚጫወቱትን ተጫዋቾች ይከፋፈላሉ። ተጫዋቹ እሑድ በሜዳ በሮጠው ርቀትና ባስቆጠረው ነጥብ ልክ የወረቀቱ ባለቤት ነጥብ ያገኛል። ጨዋታው ዛሬ የተፈጠረ አይደለም፤ በ1962 ቢል ዊንከንባክ የተባለ የኦክላንድ ሬይደርስ ባለድርሻ ከወዳጆቹ ጋር በአንድ የኒውዮርክ ሆቴል ውስጥ ሕጉን አወጣ፤ በማግሥቱ ዓመት ኦክላንድ ላይ የመጀመሪያው የተጫዋች ምርጫ ተደረገ። በተለመደው ዓይነት ወቅቱ ሲያልቅ ቡድኑ ይፈርሳል፤ በሚቀጥለው ዓመት ሁሉም እንደገና ከባዶ ይጀምራል። የኛው ዓይነት ግን «ዳይናስቲ» ይባላል፤ ሥርወ መንግሥት ማለት ነው እንግዲህ። ስሙን መጀመሪያ ስንሰማ ዙፋን ያለው መስሎን ነበር። ትርጉሙ ግን ተጫዋቹ ከዓመት ዓመት ከያዘው ሰው ጋር ይቆያል ማለት ብቻ ነው።

በዚህ ላይ ማኅበራችን ውልና የደመወዝ ጣሪያ ጨምሮበታል። እያንዳንዱ ቡድን 200 የወረቀት ዶላር አለው። ተጫዋቹ በሐራጅ ይሸጣል፤ የተገዛበት ዋጋ የዓመት ደመወዙ ይሆናል፤ ከዚያም ባለቤቱ ከ1 እስከ 4 ዓመት የሚደርስ ውል ይጽፍለታል። ደመወዙ ሁሉ ተደምሮ ከ200 አያልፍም። ውሉ ሳያልቅ ተጫዋቹን ያሰናበተ ባለቤት በቀሩት ዓመታት የደመወዙ ግማሽ ከጣሪያው ይቀነስበታል። ይህን «የሞተ ገንዘብ» ይሉታል። እኛ ዘንድ የሌለ ሰው ከኛ ይበላል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ከእውነተኛው ሊግ የተቀዳ ነው። በ1994 የደመወዝ ጣሪያ ሲጀመር ለአንድ ቡድን 34.6 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ በ2025 ወደ 279.2 ሚሊዮን ከፍ ብሏል። የሞተ ገንዘብ ምን እንደሆነ ለማወቅ የፈለገ የዴንቨርን ነገር ይመልከት። ዴንቨር ብሮንኮስ በ2024 ራስል ዊልሰንን ሲያሰናብት 85 ሚሊዮን ዶላር ያህል ሸክም ተሸከመ፤ 53ቱ በዚያው ዓመት፣ 32ቱ በ2025 ተቆጠረበት። ሰውየው በዚያ ወቅት ፒትስበርግ ነበር የሚጫወተው! የዚህ ተቃራኒ ደግሞ ብሮክ ፐርዲ ነው። በ2022 ምርጫ ከ262ቱ ተመራጮች የመጨረሻው እሱ ነበር፤ በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ዶላር ያነሰ እየተከፈለው ሳን ፍራንሲስኮን በ2024 መጀመሪያ ለፍጻሜው ጨዋታ አበቃ። በ2025 ግን የ5 ዓመት የ265 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ። እንግዲህ በዚህ ጨዋታ ጎበዝ የሚባለው ጥሩውን ተጫዋች የሚያውቅ ብቻ አይደለም፤ ጥሩውንማ ሁሉም ያውቀዋል። ተጫዋቹ ገና ርካሽ ሳለ መያዝና እግሩ ከመድከሙ በፊት ውሉ እንዲያልቅ ማድረግ ነው ዋናው።

በተለይ ኳስ ይዘው የሚሮጡት ቶሎ ያልቃሉ፤ ሀያ ሰባትና ሀያ ስምንት ዓመት ሲሞላቸው ባለቤቱ ይፈራል። በ2023 ክርስቲያን ማካፍሪን በ61 ዶላር ስንገዛ ከሁለታችን አንዱ አራት ዓመት ይጻፍለት አለ፤ ሌላው ሁለት ዓመት ይበቃዋል አለ። ክርክሩ ሁለት ሌሊት ፈጀ፤ ለፈተና እንዲህ ብናጠና ኖሮ ብለው የሳቁብን ጎረቤቶች አሉ። በመጨረሻ ሁለት ዓመት ጻፍን። በ2023 ሰውየው የሊጉ ምርጥ የማጥቃት ተጫዋች ተባለ፤ በ2024 ጉዳት ደርሶበት 4 ጨዋታ ብቻ ተጫወተ። በዚያ ዓመት ከ200ው 61 ዶላራችን ሆስፒታል ገብቶ ከረመ። ውሉ ግን በዚያው አለቀና ወደ 2025 ያለ ዕዳ ተሻገርን።

እስከዚህ ያለው ጨዋታ ነው። የተጣላንበት ነገር ሌላ ነው። ሥርወ መንግሥት የተባለው ነገር የቆመው አራት ዓመት ኖረው በሚሄዱ ሰዎች ላይ ነው። በ2024 ወቅት አንድ የአራተኛ ዓመት ተማሪ የ2025ና የ2026 የአዲስ ተጫዋች ምርጫ ተራውን በሙሉ ሰጥቶ ያረጁ ባለዝናዎችን ሰበሰበ። ወጣቶቹን ውላቸው ሳያልቅ እያሰናበተ ቦታ አመቻቸ። ዋንጫውንም ወሰደ፤ በግንቦት ተመረቀና ሄደ። በመስከረም አንድ ጀማሪ ተማሪ ቡድኑን ተረከበ። እንዲህ ያለውን ቡድን አሜሪካኖቹ «ወላጅ አልባ» ይሉታል። ልጁ ወረቀቱን ሲያይ ለሁለት ዓመት የምርጫ ተራ የለውም፤ 74 ዶላር የሞተ ገንዘብ አለበት። ደጋግሞ አነበበና፣ «ይህን ሁሉ ያደረግሁት መቼ ነው?» ብሎ ጠየቀን። ከ14 ጨዋታ በ11 ተሸነፈ።

ያ ተመራቂ አንድም ሕግ አልጣሰም፤ የሚያናድደውም ይኸው ነው። ከማኅበርተኞቹ ገሚሶቹ የአራተኛ ዓመት ተማሪ ከአንድ ዓመት በላይ ውል እንዳይጽፍ ይከልከል አሉ። እኛ ተቃወምን። ተመራቂም እስኪመረቅ ድረስ እንደ ማንኛውም አባል መዋጮ ይከፍላል፤ እጁ ታስሮ የሚጫወት ሰው ደግሞ እሑድ መምጣቱን ይተዋል።

ይህ ጣጣ ለኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ነው እንዴ? እናቶቻችን ዕቁብ ሲገቡ መጀመሪያ የደረሰው ሰው ገንዘቡን ይዞ እንዳይጠፋ ምን ያደርጋሉ? ዋስ ያስጠራሉ። እኛም በጥር 2026 ስብሰባ ላይ ይህንኑ አቀረብን። ከተመረቀ በኋላ የሚዘልቅ ውል የሚጽፍ፣ ወይም የሚመጣ ዓመት ምርጫ የሚሸጥ ባለቤት፣ ቡድኑን የሚረከብ አንድ የታችኛ ክፍል ተማሪ አስቀድሞ ይጥራ፤ ያም ሰው ከጎኑ ይፈርም። የተሸጠው ምርጫ ዓመት መዋጮም፣ ይኸውም 25 እውነተኛ ዶላር፣ ቀድሞ ይከፈል። ዋስ የሚለውን ቃል ማስረዳት አንድ ምሽት ፈጀብን። አንዱ፣ «ዋሱ በኋላ እምቢ ቢልስ?» አለ። «እምቢ ካለማ ምኑን ዋስ ሆነ!» አልነው። በ8 ለ4 ጸደቀ።

ሕጉ ያመጣውን ለውጥ እኛም አልጠበቅነውም። የሚረከበው ሰው ከጎን ተቀምጦ እያንዳንዱን ዓመት ይከራከራል። አንዱ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ፣ «ይህ ሯጭ እኔ ዘንድ ሲደርስ 29 ዓመቱ ነው» ብሎ አልፈርምም አለ። ሁለት ተመራቂዎች ዋስ ሲፈልጉ ሰነበቱና አጡ፤ ምርጫቸውን ሳይሸጡ ቀሩ።

የኛ ተራ በ2027 ነው። ዋሳችን እዚሁ አሜሪካ ተወልዳ ያደገች አንዲት የአገራችን ልጅ፣ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ናት። ዕቁብን ከኛ ይልቅ አሳምራ ታውቀዋለች፤ እናቷ ሰብሳቢ ናቸው። ካሰብናቸው ውሎች ሦስቱን ሰረዘችብን። አንድ የ22 ዓመት ኳስ ተቀባይ ግን እስከ 2029 ይጻፍ ብላ ድርቅ አለች። ለሁለት ዓመት ከበቃን ብንላት፣ «ለእናንተማ ይበቃችኋል!» አለችን። የልጁ ሐራጅ በመጪው ነሐሴ ነው፤ እስከ ስንት ዶላር እንደምንሄድ ገና አልፈቀደችልንም።