ከጉርድ ሾላ እስከ እንጦጦ፦ ሙያና ገበያ የሚገናኙበት መንገድ

ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹን ይዛችሁ ወዴት እንደምትወጡ ግራ ከገባችሁ አንድ መንገድ ልጠቁማችሁ። ከጉርድ ሾላ ተነሥታችሁ፣ በመገናኛና በአራት ኪሎ በኩል ሽሮ ሜዳን አልፋችሁ እንጦጦ ትደርሳላችሁ። የግማሽ ቀን ሽርሽር ነው። ብዙዎቻችን እንጦጦን የምናውቀው በንጹሕ አየሩ፣ በፎቶውና እላይ ወጥተን በምንጠጣው ቡና ነው። በዚህ ጽሑፍ ግን በዚያው መንገድ ላይ ሌላም ነገር እንድታዩ እጋብዛችኋለሁ። ጦርነትና ችግር ከቀያቸው ያፈናቀላቸው ሴቶች ሙያ ይዘው እንደገና እንዴት እንደሚቆሙ፣ ሙያ ይዘውም መቆም የሚያቅታቸው ለምን እንደሆነ።

ጉርድ ሾላ

የሰፈሩ ስም የተቆረጠ ሾላ እንደማለት ነው። ዛሬ ሾላውን ብትፈልጉ የምታገኙት ሕንፃ ነው። ሴንቸሪ ሞል አለ፤ የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን አለ፤ የዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም ሰፊ ግቢም እዚሁ ነው። ከ2008 ጀምሮ ደግሞ ቀላል ባቡሩ በሰፈሩ ያልፋል። ከዋናው አስፋልት ወደ ውስጥ ገባ ስትሉ ግን ሌላ ጉርድ ሾላ ታገኛላችሁ፤ የልብስ ስፌት ቤቶች፣ ጉሊቶች፣ እንጀራ መሸጫዎች፣ በየደጃፉ የተዘረጉ የጀበና ቡና ረከቦቶች።

ከሀገራችን ልዩ ልዩ አካባቢዎች ተፈናቅለው አዲስ አበባ የሚገቡ ቤተሰቦች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠጉት ዘመድ ቤት ነው። መጠለያ ጣቢያ ስለማይገቡ በዜና አናያቸውም። እንጀራ የምትጋግርላችሁን፣ ልብስ የምታጥብላችሁን፣ ጥግ ላይ ቡና የምታፈላላችሁን ሴት ከየት እንደመጣችና እዚያ ምን ትሠራ እንደነበር ጠይቃችኋት ታውቃላችሁ?

ጦርነት ከሴት ምን ይወስዳል?

የሰሜኑ ጦርነት ጥቅምት 24 ቀን 2013 ተጀምሮ ጥቅምት 23 ቀን 2015 በፕሪቶሪያ ስምምነት እስኪቆም ድረስ በትግራይ፣ በአማራና በአፋር የስንቱን ቤት በተነ። በ2014 የወልድያና የወሎ ዩኒቨርሲቲዎች ሳይቀሩ ተዘረፉ። ደሴና ደብረ ብርሃን ተፈናቃይ ተቀብለው ከተማቸውን አጣበቡ፤ ደብረ ብርሃን ከወለጋ የመጡትንም አስጠግታለች። በ2015 መጨረሻ ደግሞ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተቀሰቀሰ።

ነፍሷን ይዛ የወጣች እናት ሙያዋ አብሯት ይወጣል። ጥጥ መፍተልን፣ ስፌት መስፋትን፣ በርበሬ ማዘጋጀትን የሚያስረሳ ጥይት የለም። እዚያ የሚቀረው ሌላው ነው። ምጣዷ ይቀራል፤ የስፌት መኪናዋ ይቀራል። በዱቤ ዕቃ የሚሰጣት ባለሱቅ፣ ብድር ስትፈልግ ዋስ የሚሆናት ጎረቤት፣ በየወሩ የምትጥለው እቁብ፣ የምትቀበርበት ዕድር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ስሟን ጠርቶ የሚመጣ ደንበኛ ይቀራል። ብዙዎቹ መታወቂያቸውም ጠፍቷል። መታወቂያና ዋስ የሌላት ሴት ብድር ብትጠይቅ የሚሰማት የለም፤ ቤት ለመከራየትም ትቸገራለች።

ስለዚህ «ሥልጠና ሰጠናቸው» የሚል ዜና ስትሰሙ አንድ ጥያቄ ጨምሩበት፤ ከሥልጠናው በኋላ ማን ገዛቸው?

በመጀመሪያ ማረፊያ

ሥልጠና ከመምጣቱ በፊት የሚቀድም ነገርም አለ። በጦርነት ጊዜ በሴቶች ላይ የሚፈጸመው ጥቃት ሰውነትን ብቻ ሳይሆን እንቅልፍንም ይነሣል። ያልተኛች ሴት መርፌ ይዛ መስመር አትከተልም። ይህን ቀድመው ከተረዱት አንዷ የቀድሞ ዳኛዋ ወይዘሮ ማሪያ ሙኒር ናቸው። የመሠረቱት የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር ጥቃት የደረሰባቸውን ሴቶችና ልጆቻቸውን በአዲስ አበባና በክልል ከተሞች ባሉት መጠለያዎቹ ተቀብሎ ያሳርፋል። ሕክምና፣ የሥነ ልቦና ምክርና የሕግ ድጋፍ ያገኛሉ። ማንበብና መጻፍ ይማራሉ፤ ራስን የመከላከል ስፖርት ይሠለጥናሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው የሙያ ትምህርት የሚከተለው። ከሰሜኑ ጦርነት በኋላም ማኅበሩ ሥራውን ጦርነቱ ወደነካቸው አካባቢዎች አስፍቷል።

ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ፤ እረፍት፣ ፊደል፣ ሙያ። ፊደል መካከል ላይ የገባው ያለ ምክንያት አይደለም። ውል ማንበብ፣ ሒሳብ መያዝ፣ በስልክ ገንዘብ መላክና መቀበል የማትችል ባለሙያ ትርፏን ሌላ ሰው ይቆጥርላታል።

ሽሮ ሜዳ፦ ከማገዶ ወደ ሽመና

አሁን መንገዳችንን እንቀጥል። ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ፣ ከዚያም ሽቅብ ስትወጡ ሽሮ ሜዳ በነጭ ጥበብ ተንቆጥቁጦ ይቀበላችኋል። እዚህ ሠፈር ውስጥ ቆየት ያለ የሥራ ክፍፍል አለ። መፍተል የሴት፣ መሸመን የወንድ። እናቶች እንዝርት ሲያሾሩ፣ አባቶች ከሽመና ዕቃው ፊት ተቀምጠው ድርና ማጉን ሲያገናኙ ኖረዋል።

ይህን ልማድ ከቀየሩት መካከል ከዚሁ አካባቢ፣ ከእንጦጦ ግርጌ ያሉት የቀድሞ ሴት ማገዶ ተሸካሚዎች ይገኙበታል። እንጦጦን በልጅነታችሁ የምታውቁ ትዝ ይላችኋል፤ ጎንበስ ብለው፣ ከቁመታቸው የሚሰፋ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱ ሴቶች። ፍቅርተ ኃይሌ የተባሉ ኢትዮጵያዊት ተመራማሪ በ1980ዎቹ ስለ እነዚህ ሴቶች ባደረጉት ጥናት፣ በአንድ ጉዞ የሚሸከሙት በአማካይ ከ30 ኪሎ በላይ መሆኑን መዝግበዋል። ከራሳቸው ክብደት ጋር የሚስተካከል ሸክም የሚይዙም ነበሩ። ከሸክሙ በተጨማሪ ከደን ጠባቂ ጋር ድብብቆሽ፣ በጫካው ውስጥም ጥቃት ነበረባቸው።

በዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ድጋፍ ተጀምሮ ወደ ማኅበርነት ያደገው ሥራ እነዚህን ሴቶች ከሸክም አውጥቶ ሽመና አስተማራቸው። የሚሸምኑት የአንገት ልብስና ሻል ነው፤ ጎብኚ ሻንጣው ውስጥ በቀላሉ የሚይዘው ዕቃ። ይህ ምርጫ ትንሽ ቢመስልም ትልቅ ትምህርት አለበት። ሽሮ ሜዳ በሙሉ የሀበሻ ቀሚስ በሚሸጥበት ቦታ ሌላ የሀበሻ ቀሚስ ይዘው አልወጡም፤ የተለየ ገዢ ፈለጉ። እኔ በግብይት ሙያ ስለምሠራ ይሆናል፣ የማኅበሩን ታሪክ ሳስብ ከሽመናው ይበልጥ የሚገርመኝ ይህ ነው።

እነዚህን ሴቶች ተራራው ላይ ያወጣቸው ድህነት ነው እንጂ ሁሉም ከጦርነት የሸሹ አይደሉም። መንገዱ ግን አንድ ነው። ከገጠር ያለ መሬት፣ ያለ ዋስና ያለ ደንበኛ የመጣች ሴት የምትይዘው የመጨረሻ ሥራ ሸክም ነው። የዛሬዋ ተፈናቃይም ሙያዋን የሚገዛት ካላገኘች ወደዚያው ሸክም ትወርዳለች።

እንጦጦ ማርያም፦ ከቀለህ የተሠራ ጌጥ

ከሽሮ ሜዳ በኋላ መንገዱ ይጠማዘዛል፤ አየሩም ይቀዘቅዛል። የተራራው ጫፍ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ስላለው ለልጆቹ ሹራብ ያዙ። እንጦጦ ማርያም ዐፄ ምኒልክ በ1882 ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑባት ቤተ ክርስቲያን ናት። ቤተ መዘክሩንና የምኒልክን አሮጌ ቤተ መንግሥት ሳታዩ አትመለሱ።

እንጦጦ ማርያም በጸበሏም ትታወቃለች። በተለይ የኤች አይ ቪ መድኃኒት እንደልብ ባልነበረበት ዘመን ከየክፍለ ሀገሩ ብዙ ሴቶች ለመዳን መጥተው እዚሁ ጎጆ ቀልሰው ቀርተዋል። ወደ ቤተሰብ መመለስ ያልቻሉ፣ ቀጣሪም የሸሻቸው ነበሩ። እንጦጦ ቤት አርቲዛን የተባለው ድርጅት ሥራ የጀመረው ከእነዚህ ሴቶች ጋር ነው። ያስተማራቸው ጌጣጌጥ መሥራት ሲሆን፣ ከጥሬ ዕቃዎቹ አንዱ የጥይት ቀለህ ነው። ካለፉት ጦርነቶች መሬት ላይ የቀረውን ቀለህ ገበሬዎች ይለቅሙታል፤ ናሱ ቀልጦ ጥቃቅን ዶቃ ይሆናል፤ ሴቶቹ በክር ሰክተው የአንገትና የእጅ ጌጥ ያደርጉታል። ሬቨን ኤንድ ሊሊ የተባለ የአሜሪካ ድርጅት ጌጡን ለውጭ ገበያ አቅርቦታል።

ገዢው ጌጡን ሲያነሣ የሚያነሣው ታሪክም አለ፤ ይህ ለሽያጭ ይረዳል። ነገር ግን አንድ ሰው በታሪክ ተነክቶ የሚገዛው አንድ ጊዜ ነው። ሁለተኛ የሚመለሰው ዶቃው ካልተበተነ፣ መያዣው ካልተበጠሰ፣ ቀለሙም ካልለቀቀ ብቻ ነው። ጥሩ ሥልጠና ማለት ይህን ከመጀመሪያው ቀን የሚያስተምር ነው።

ፓርኩና ያ ጥቅምት

ትንሽ እልፍ ብላችሁ እንጦጦ ፓርክ ትገባላችሁ። ልጆች ይሮጣሉ፣ ብስክሌት ይነዳሉ፣ እናንተም ከተማዋን ቁልቁል እያያችሁ ትንፋሽ ትወስዳላችሁ። ፓርኩ የተመረቀው መስከረም 30 ቀን 2013 ነበር። ወር ሳይሞላው ጦርነቱ ተጀመረ። እኛ እዚህ አዲስ መናፈሻ ስናይ፣ በሰሜን ያሉ እናቶች ልጅ አዝለው መሸሽ ጀመሩ። ይህን የማነሣው ደስታችሁን ለማደፍረስ አይደለም። የሁለቱ ቀናት መቀራረብ ግን የእነርሱ ዕጣ ከእኛ ቅዳሜ የራቀ እንዳልሆነ ያስታውሳል።

ምን ማድረግ ትችላላችሁ?

«ሙያ በልብ ነው» እንላለን። በልብ ብቻ የቀረ ሙያ ግን ልጅ አያሳድግም። ከዚህ ጉዞ ስትመለሱ እነዚህን አስቡ።

አዝናችሁ አትግዙ፤ መርጣችሁ ግዙ። ጥልፉ ከተንሻፈፈ ንገሯት፤ በሚቀጥለው እንድታስተካክል ይረዳታል። ከንፈር መጥጦ የገዛ ሰው ተመልሶ አይመጣም፤ ዕቃው ደስ ያሰኘው ግን ጎረቤቱንም ይዞ ይመጣል።

ዋጋ ስትከራከሩ የቀን ሥራዋን አስቡ። አንድ ሻል ስንት ቀን እንደፈጀ ጠይቁና ለቀኑ አካፍሉት። የሚወጣው ቁጥር እናንተ ለራሳችሁ ልጅ የማትመኙት የቀን ክፍያ ከሆነ ክርክሩን አቁሙ።

ደንበኛ ሁኑ። ለአንድ ተፈናቃይ እናት ከአንድ ትልቅ ልግስና ይልቅ በየሳምንቱ ሃያ እንጀራ የሚወስድ ቤት ይበልጥባታል። የሚያውቃት ደንበኛ ካላት እቁብ ትገባለች፤ እቁብ ከገባች ዋስ ታገኛለች። ጦርነቱ የበጠሰባት ድር የሚቀጠለው በዚህ ነው።

መሥሪያ ቤታችሁንም አስቡ። ለእንቁጣጣሽ ለደንበኞች የሚሰጠው ስጦታ ከውጭ የመጣ ብዕርና ማስታወሻ ደብተር ከሚሆን ከሴቶች ማኅበራት የተገዛ የአንገት ልብስ ቢሆንስ? ትእዛዙን ግን ቢያንስ ሦስት ወር ቀድማችሁ ስጡ፣ ለክር መግዣም ቅድሚያ ክፈሉ። ጳጉሜን ላይ የሚመጣ ትእዛዝ ለእጅ ሥራ አይሆንም።

በሀገራችን የተጠለሉ ስደተኛ ሴቶችንም አትርሱ። የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 የመሥራት መብት ሰጥቷቸዋል፤ መብቱ ሥራ የሚሆነው ግን የሚቀጥርና የሚገዛ ሲኖር ነው።

ለመንገዳችሁ ጥቂት ምክር። ማኅበራቱን ከመጎብኘታችሁ በፊት መክፈቻ ሰዓታቸውን ጠይቁ። ለቤተ ክርስቲያኑ ነጠላ ያዙ። ጸበልተኞችን ፎቶ አታንሡ፤ ያለፈ ታሪካቸውንም ራሳቸው ካልጀመሩላችሁ አትጠይቁ። ስለ ሥራቸው ግን እንደልብ ጠይቁ። ፈቃደኛ ከሆኑ ሴት ልጃችሁንም ወንድ ልጃችሁንም እንዝርቱን አስይዟቸው። ክሩ ሁለት ሦስቴ በእጃቸው ከተበጠሰ በኋላ የአንድ ነጠላን ዋጋ እናንተ ልትነግሯቸው አያስፈልግም።