እምቢ ያለ ብሎንና የወገዳው ባለእጅ

ወደ ወገዳ የሚሄድ ሰው ሁለት ነገር አይርሳ፤ ጋቢና ትዕግስት። ጋቢው ለማታው ብርድ ነው። ትዕግስቱ ደግሞ ለመኪናው!

ወገዳ የስማዳ ወረዳ ከተማ ናት። ስማዳ ደግሞ ደቡብ ጎንደር ውስጥ ከጋይንትና ከእስቴ ጋር የሚጎራበት አገር ነው። መሬቱ በአንድ በኩል ወደ አባይ፣ በሌላ በኩል ወደ በሽሎ እየተቆረሰ ይወርዳል። ከባህር ዳር ስትነሱ እስከ ወረታ፣ ከወረታም እስከ ደብረ ታቦር አስፋልት ስለሆነ እየተጫወታችሁ ትደርሳላችሁ። ከዚያ ወዲያ ጉና ይመጣል፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ተራራ። እኛ በሄድንበት በጥር 2011 ዓ.ም. ከዋናው መንገድ ወደ ስማዳ ስንታጠፍ ግን ጨዋታው ቆመ። ኮረኮንቹ ምላስ ያስነክስ ነበር። እንዲህ ያለ መንገድ ለመኪና ክፉ ነው፤ መጥበቅ ያለበትን ብሎን ያላላል፣ መላላት ያለበትን ደግሞ በአቧራና በዝገት ያጣብቃል።

ይኼ አገር ከብረት ጋር ትግል የጀመረው ዛሬ አይደለም። ደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው ጋፋት አፄ ቴዎድሮስ «ሴባስቶፖል» የተባለውን መድፍ አሠርተዋል። ያን የሚያህል ብረት በ1860 ዓ.ም. በሰው ጉልበት እየተጎተተ፣ መንገድ እየተጠረገለት፣ ወራት ፈጅቶ መቅደላ ደረሰ። ብረት የሚያቀልጥ እጅ ንጉሥ ያስጓጓበት አገር ነው እንግዲህ።

እኛ የሄድነው ለሠርግ ነበር። ስድስት ሚዜዎች፣ አንድ አሮጌ ላንድክሩዘር። በማግስቱ ሙሽራዋ የምትመጣው በዚሁ መኪና ነው፤ ሌላ የለም። ወገዳ ስንገባ የሙቀት መለኪያው ቀይ ላይ ቆሟል። ሾፌሩ ኮፈኑን ሲከፍት የውሃ ፓምፑ በጋስኬቱ በኩል ያፈሳል። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ፓምፑን ፈትቶ ጋስኬት መቀየር። ብሎኖቹ አንድ በአንድ ወጡ። የመጨረሻው ግን እምቢ አለ!

ሾፌሩ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ እልኸኛ። ብሎኑ የሚፈልገው የ12 ቁጥር ቁልፍ ሆኖ ሳለ እጁ ላይ ያለው 13 ነበር። «ይይዛል» ብሎ ሁለት ጊዜ ታገለ። ምን ይሆናል? የብሎኑ ራስ ስድስቱም ማዕዘን ተበልቶ ሙልጭ አለ። ሦስተኛ ጊዜ ሊሞክር መዶሻ ሲያነሳ የሙሽራው አጎት እጁን ያዙት። ብሎኑ ሞተሩ ውስጥ ቢሰበር ሌላ ጣጣ ነው። ሠርጉም መኪና የለውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ብረት ሲዝግ ያብጣል፤ ዝገቱ ከበላው ብረት የሰፋ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ በብሎኑና በቀዳዳው ጥርስ መሃል እንደ ሽብልቅ ይጠቀጠቃል። ጉልበት ስትጨምሩ ዝገቱ አይለቅም፤ የሚሸነፈው የብሎኑ ራስ ወይም አንገት ነው።

«ባለእጁን ጥሩት» አለ አንዱ። ሌላው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እሱማ ቡዳ ነው ይባላል፤ ማታ ባይመጣ ይሻላል» አለ። አዎ፣ በ2011 ዓ.ም.! አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሥራው መሳደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በኋላም ማረሻውን የሚሳልለትን፣ ማጭዱን የሚያበጅለትን ሰው የሚፈራ አለ።

ባለእጁ መጣ። ሽማግሌ ናቸው፤ ወናፋቸውን ልጃቸው ተሸክሞታል። ብሎኑን በጣታቸው ዳበሱና ሾፌሩን «ልጄ፣ ይኼ የተኛ ነው። የተኛ ሰው በጥፊ አይቀሰቀስም» አሉት። «እሺ ጋሼ» አለ ያ እልኸኛ፤ ድምፁ ተለሳልሶ።

መጀመሪያ ብሎኑን በሽቦ ብሩሽ አጸዱና ነጭ ጋዝ ጠብ አደረጉበት። ከዚያ ራሱን በትንሽ መዶሻ ቀስ እያሉ መቱ፤ ለመስበር ሳይሆን ዝገቱን ለማነቃነቅ። ነጩን ጋዝ በጨርቅ ጠራርገው እስኪደርቅ ጠበቁ። ከሰሉን መኪናው ሳይሆን ራቅ ያለ ቦታ ላይ አቀጣጠሉ። ወፍራም ዘንግ ብረት እስኪቀላ አግለው ጫፉን በብሎኑ ራስ ላይ ብቻ አሳረፉ። ብረት ሲግል ይሰፋል፣ ሲበርድ ይሰበሰባል፤ በዚህ መሃል ዝገቱ ይሰነጠቃል። ብሎኑ ገና ትኩስ ሳለ ከኪሳቸው የንብ ሰም አውጥተው አስነኩት። ሰሙ እንደ ውሃ ቀልጦ በጥርሶቹ መሃል ሰረገ። ሰምና ወርቅ ለቅኔ ብቻ ነው ያለው ማነው?

ይህን ሦስት ጊዜ ደጋገሙት። ቀጥለው የብሎኑን ራስ ግራና ቀኝ በሞረድ ጠፍጣፋ አድርገው በጂራቱቦ ያዙት። እኛ አሁን ይፈቱታል ስንል እሳቸው አጠበቁት! በጣም ትንሽ። ከዚያ ወደ ግራ፣ እንደገና ወደ ቀኝ፣ እንደገና ወደ ግራ። «ቀጭ» አለ። ሾፌሩ ጮኸ። ጋስኬቱ ከወፍራም ካርቶን ተቆርጦ ተሠራ፤ በማግስቱ ሙሽራዋ በእልልታ መጣች።

ሽማግሌውን ዳስ ውስጥ ፈለግኳቸው፤ የሉም። ስጠይቅ «ለእሳቸው ለብቻቸው ወጥቶላቸዋል» አሉኝ። ጠጁ አልወረደልኝም።

ለምን ይህን ሁሉ አወራለሁ? ምክንያቱም አሮጌ መኪና ገና አብሮን ይከርማል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ በአሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ። እንግዲህ አባታችሁ የገዟት ዲኤክስ ቶዮታ ለእናንተም ልትተርፍ ነው። ብሎኗም እንደዚያው!

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ ይህን ያዙ። ቁልፍ ስትመርጡ ልክ የሆነውን፣ ከተቻለም ባለ ስድስት ማዕዘኑን ምረጡ፤ ባለ አሥራ ሁለቱ ቶሎ ያንሸራትታል። የጃፓን መኪና ብሎን በአብዛኛው 10፣ 12፣ 14 ነው፤ በ13 አትታገሉት። ዘይት ወይም ነጭ ጋዝ ካጠጣችሁት ጊዜ ስጡት፤ ሌሊቱን ቢያድር ይመረጣል። እሳት ግን ከነዳጅ መስመር፣ ከፍሬን ቱቦና ከጎማ ይራቅ፤ ነጭ ጋዝ ያልደረቀበት ቦታም አይነካ። ዓይናችሁን በመነጽር ሸፍኑ። ራሱ ፈጽሞ ከጠፋ በያጅ ጥሩና በላዩ ላይ ዳዶ ያስበይዱ፤ ሙቀቱም መያዣውም አንድ ላይ ይገኛል። የመጨረሻው መንገድ በትራፓኖ መሃሉን መብሳት ነው፤ እሱንም ለሚያውቅበት ተዉለት።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። በአንዳንድ የጃፓን ጭነት መኪኖች የግራ ጎማ ዳዶ የሚፈታው በተቃራኒው፣ ወደ ቀኝ ነው። ስንቱ ረዳት ዝጓል እያለ ሲያጠብቀው ውሏል!

ብሎኑን መልሳችሁ ስታስገቡ ጥርሱን ግሪስ ቀቡት፤ የዛሬ ጠብታ ግሪስ የነገን ልመና ያስቀራል። እልኸኛ ብሎን ገጥሟችሁ ባለእጅ ስትጠሩም በስሙ ጥሩት። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ከእናንተው ማዕድ አስቀምጡት።