የአባባ ዘንግ

ሚያዝያ ላይ የእማዬ የጋብቻ ቀለበት ጓሯችን ውስጥ ጠፋ። ጠዋት ጎመን ስትተክል ጣቷ ላይ ነበር፤ ማታ እጇን ስትታጠብ የለም። የምንኖረው በርክሌ ነው፤ ጓሯችንም ሰፊ አይደለም። ነገር ግን ትንሽ ቀለበት አፈር ውስጥ ከገባች ጠባቡም ጓሮ ሜዳ ይሆናል።

በማግስቱ አባባ ከጋራዥ አሮጌ ሜታል ዲቴክተር አወጡ። ከዓመታት በፊት ከአንድ ጎረቤት በ40 ዶላር የገዙት ነው። አፈሩን መፈተሽ ጀመሩና ከ10 ደቂቃ በኋላ ቆሙ። ቀኝ ትከሻቸውን በግራ እጃቸው ይዘው፣ «ይሄ ነገር ከበደኝ» አሉ። አባባ 61 ዓመታቸው ነው። «ከበደኝ» ሲሉ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ማታ ስለ መሣሪያው አነበብኩና፣ «አባባ፣ ሻፍቱን እንቀይረው» አልኳቸው።

«ምኑን?»

«ይህን ረጅሙን ብረት።»

«እ! ዘንጉን ነዋ!»

ዘንግ የሚለውን ቃል የተማርኩት ያን ቀን ነው። ረጅም፣ ቀጥ ያለ በትር ማለት ነው።

መሣሪያው እንዲህ ነው የሚሠራው። ከዘንጉ ጫፍ ላይ ሳህን የመሰለ ክብ ነገር አለ፤ ኮይል ይባላል። ውስጡ የተጠቀለለ ሽቦ ነው። በሽቦው ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ወደ መሬት የሚገባ መግነጢሳዊ ኃይል ይፈጠራል። ከሥር ብረት ወይም ወርቅ ካለ፣ እሱም በተራው ምላሽ ይሰጣል፤ መሣሪያው ያን ምላሽ ወደ ድምፅ ይለውጠዋል።

ችግሩ ግን ኮይሉ ከእጅ ሩቅ መሆኑ ነው። አንድ ኪሎ ስኳር ደረታችሁ አጠገብ ያዙ፤ ይቀላል። ከዚያ እጃችሁን ወደ ፊት ዘርጉና ያዙት። ስኳሩ ያው አንድ ኪሎ ነው፤ ትከሻችሁ ግን ሌላ ይነግራችኋል። ስለዚህ ከዘንጉ ጫፍ አካባቢ የሚቀነስ እያንዳንዱ ግራም ለትከሻ ትልቅ እረፍት ነው።

የድሮው ዘንግ አሉሚኒየም ነበር። እኔ የመረጥኩት የካርቦን ፋይበር ዘንግ ነው። ካርቦን ፋይበር ከጸጉር በጣም የቀጠኑ የካርቦን ክሮች በሙጫ ተጣብቀው የሚሠሩት ነው። አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር አሉሚኒየም 2.7 ግራም ይመዝናል፤ ያንኑ የሚያህል ካርቦን ፋይበር ግን ወደ 1.6 ግራም ነው። ቀላል ቢሆንም ቶሎ አይጎብጥም። ዋጋው 120 ዶላር ነበር። እማዬ ስትሰማ፣ «ለ40 ዶላር ዕቃ የ120 ዶላር ዱላ!» ብላ ሳቀች። ከቀለበቱ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው።

ይህ መሣሪያ ከእኛ ሰፈር ሩቅ አይደለም። ከጀርመን የመጣው መሐንዲስ ጌርሃርድ ፊሸር በ1930ዎቹ ብረት መፈለጊያ ይሠራ የነበረው እዚሁ ፓሎ አልቶ፣ ጋራዥ ውስጥ ነው፤ የፈጠራ መብቱንም በ1937 አገኘ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ የፖላንዱ መኮንን ዩዜፍ ኮሳትስኪ ፈንጂ የሚፈልግ መሣሪያ ሠራ። በ1942 በግብፅ በኤል አላሜይን ጦርነት ወታደሮች ተጠቀሙበት። ክብደቱ ወደ 14 ኪሎ ግራም ይጠጋ ነበር። ይህን ለአባባ ስነግራቸው ምንም አላሉም። ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁ።

ዘንጉ ሲመጣ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ገጣጠምነው። ኮይሉን የሚይዘው ብሎን ፕላስቲክ ነው፤ የብረት ብሎን እዚያ ቢገባ መሣሪያው ራሱን ያገኛልና። ከዚያ ኬብሉን በዘንጉ ላይ መጠምጠም ጀመርኩ። አባባ ከእጄ ወሰዱት።

«ጠበቅ አድርገው። ኬብሉ ከተወዛወዘ ዕቃው ይዋሻል።»

«እንዴት አወቁ?»

ኬብሉን ጠምጥመው እስኪጨርሱ አልመለሱልኝም። ከዚያ፣ «ፈንጂ አምካኝ ነበርኩ» አሉ።

አባባ ወታደር እንደነበሩ አውቃለሁ። ምን ይሠሩ እንደነበር ግን ጠይቄ አላውቅም፤ እሳቸውም ነግረውኝ አያውቁም። የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት በ2000 ሲያበቃ ብዙ የእርሻና የግጦሽ መሬት ላይ ፈንጂ ተቀብሮ ቀርቶ ነበር። አባባ ሁለት ዓመት ትግራይ ውስጥ ያን ሲያወጡ ኖረዋል። ገበሬው ከሜዳው ዳር ቆሞ፣ «ዘንድሮ አርሳለሁ?» እያለ ይጠይቃቸው እንደነበር ነገሩኝ። ሌላ ብዙ አልነገሩኝም።

ቅዳሜ ጠዋት ጓሮ ወጣን። አባባ መጀመሪያ ገመድ ዘረጉ፤ መሬቱን አንድ አንድ ሜትር ስፋት ባላቸው መስመሮች ከፋፈሉት። አዲሱን ዘንግ ግን ለእኔ ሰጡኝ። ቀላል ስለነበር ወዲያ ወዲህ በፍጥነት አወዛወዝኩት።

«ቆይ!» አሉ። «ጫፍና ጫፍ ላይ ኮይሉን እያነሳኸው ነው። መሬቱን እያሸተትክ እንጂ እያየኸው አይደለም። ዝቅ አድርገህ፣ ቀስ ብለህ ሂድ። እያንዳንዱ ዙር የበፊቱን በግማሽ ይሸፍን።»

«ታዲያ ቀላል ዘንግ ገዝተን ካልፈጠንን ምን ጠቀመን?»

«ቀላል የገዛነው ለመፍጠን አይደለም፤ ሳይደክመን ቀስ ለማለት ነው። የደከመ እጅ ይቸኩላል። እኛ ግማሽ ሰዓት ሠርተን እናርፍ ነበር።»

ከዚያ እሳቸው ተቀበሉኝ። 10 ደቂቃ አለፈ፤ 20 ደቂቃ አለፈ። ትከሻቸውን አልያዙም። ግማሽ ሰዓት ሲሞላ ራሳቸው አቆሙ፤ ሻይ ጠጣን።

በሁለት ቅዳሜ ያገኘነው ይህ ነው፦ ብዙ የዛገ ምስማር፣ ሦስት ቆርኪ፣ አንድ የመጫወቻ መኪና፣ አራት የጣሳ መክፈቻ። የጣሳ መክፈቻ በጣም ያታልላል፤ የአሉሚኒየምና የትንሽ ወርቅ ድምፅ ይመሳሰላልና። ስለዚህ ሁሉንም መቆፈር ግድ ነው። ድምፅ በሰማን ቁጥር እማዬ በመስኮት ብቅ ትላለች። ቆርኪ ሲሆን አባባ ወደ ላይ ያሳዩአታል፤ እሷም ገባ ትላለች።

አንድ ጊዜ እየቆፈርኩ ሳለሁ አባባ እጄን ያዙ። ማንኪያውን ቀጥ አድርጌ ወደ ታች እየወጋሁ ነበር። እጄን ወደ ጎን አዘንብለው፣ ከዳር በኩል አፈሩን በስሱ እንዴት እንደሚያነሱ አሳዩኝ። «እንዲህ ነው» አሉ። በርክሌ ጓሮ ውስጥ ፈንጂ እንደሌለ ሁለታችንም እናውቃለን። እጃቸው ግን አሁንም ያስታውሳል።

ቀለበቱ እስካሁን አልተገኘም። ገመዱ አልተነሳም። ሁለት መስመር ይቀረናል፤ አንዱ ጎመኑ ያለበት ነው። እማዬ፣ «ጎመኑ ይነቀል» ብላለች። አባባ ግን፣ «ግዴለም፣ በመሃሉ ቀስ ብለን እናልፋለን» አሉ።