ታላቅ ራፕ በምኑ ይታወቃል?

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ማታ፣ ከእራት መልስ፣ በመኝታ ክፍላችን የተነሣ ክርክር መብራት እስኪጠፋ ድረስ አላበቃም። ስድስት ነን። የላይኛው አልጋ ባለቤቶች እግራቸውን አንጠልጥለዋል፤ የታችኞቹ ትራስ ተደግፈዋል፤ መዳፍ የምታህል ድምፅ ማጉያ በመካከላችን ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ለመሆኑ አንድን የራፕ ዘፈን ታላቅ የሚያሰኘው ምንድን ነው? የተጣላንበት ነገር ይህ ነው። ስማችንን እንዳታነሣ ብለው ስለለመኑኝ ጓደኞቼን በትምህርት ክፍላቸው እጠራቸዋለሁ። እኔ የአማርኛው ነኝ።

የስፖርቱ ቀደመ። «ምቱ ነዋ! ሌላው ወሬ ነው» አለ። ነገሩን በዚህ የሚዘጋው መስሎን ነበር፤ እርሱ ግን ማስረጃ ይዞ ኖሯል። ራፕ የተወለደው ከጭፈራ ነው ይላል። እ.ኤ.አ. ኦገስት 11 ቀን 1973 በኒውዮርክ ከተማ፣ በብሮንክስ፣ ሴጅዊክ ጎዳና ቁጥር 1520 በሆነው የኪራይ ሕንፃ ውስጥ ኩል ሀርክ የሚባል የጃማይካ ተወላጅ ወጣት እኅቱ ባዘጋጀችው ድግስ ላይ ሸክላ ያጫውት ነበር። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶችም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ይህ ወጣት ጨፋሪው የሚጋለው ዘፋኙ ዝም ብሎ ከበሮው ብቻውን ሲቀር መሆኑን አስተዋለ። ያችን አጭር ቦታም በሁለት ማጫወቻ እያፈራረቀ ማራዘም ያዘ። በማይክሮፎን የሚነገረው ቃል ያን ጊዜ ጨፋሪውን ማሟሟቂያ ብቻ ነበር። «ስለዚህ ቃሉ እንግዳ ነው፤ እንግዳ ደግሞ ባለቤቱን ከቤቱ አያስወጣም» ብሎ ደረቱን ነፋ። ቀጥሎም ናስና ዴሚያን ማርሊ በ2010 ያወጡትን «አስ ዊ ኤንተር» ከፈተልን። ያ ዘፈን የቆመው በሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» ላይ ነው። ከመካከላችን ቃሉን በቅጡ የሰማ ሳይኖር ሁላችንም ትከሻችንን ስንነቀንቅ ተያዝን።

የሒሳቡ ግን አልተበገረም። ወረቀት አውጥቶ የራኪምን ስንኞች እየጻፈ ቤት የሚመቱትን ክፍለ ቃላት በቀይ ያከብብ ጀመር። ወረቀቱ ኩፍኝ የወጣበት ልጅ መሰለ። ሐሳቡ እንዲህ ነው። ከራኪም በፊት የነበሩት አብዛኞቹ ቤት የሚመቱት በስንኙ ጫፍ ላይ ነበር። ራኪም ከኤሪክ ቢ ጋር በ1987 «ፔይድ ኢን ፉል» የተባለውን አልበም ሲያወጣ ግን በስንኙ ሆድ ውስጥም እየመታ፣ ሐሳቡን ከአንዱ ስንኝ ወደሚቀጥለው እያሻገረ ይናገር ነበር። ልጅ ሳለ ሳክስፎን ይጫወት ስለነበር ትንፋሹንም እንደ ሳክስፎን ተጫዋች ይቆጥባል። «ታላቅነት ማለት ይህ ሥራ ነው፤ ይቆጠራል፣ ይለካል» አለ የሒሳቡ።

እዚህ ላይ ከክርክሩ ወጣ ልበልና አንድ ነገር ላንሣ። በእኛ ቋንቋ ግሥ ከዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ስለሚቀመጥ ቤት መምታት እንደ እንግሊዝኛው አያስቸግርም። ሄደ፣ ወሰደ፣ ወደደ ብሎ ቤት የማይመታ ማን አለ? ስለሆነም በአማርኛ ራፕ የሚል ሰው ቤት ስለመታ ብቻ ገና ምንም አልሠራም። ይህንን ስናገር የሒሳቡ ፊቱን አጨፈገገብኝ።

የታሪኩ ሠልጣኝ ደግሞ ታላቅነት በእውነት ነው የሚለካው ባይ ነው። ሰውየው የሚናገረው የራሱን ካልሆነ ምን ቤት ቢመታ፣ ምን ቢያስጨፍር አይረባም። ምሳሌውም በ1979 የወጣው የሹገርሂል ጋንግ «ራፐርስ ዲላይት» ነው። ይህ ዘፈን ራፕን ከብሮንክስ አውጥቶ ለዓለም ያሰማ፣ ረጅሙ ቅጂ ከ14 ደቂቃ የሚበልጥ ሥራ ነው። ነገር ግን ከሦስቱ አንዱ፣ ቢግ ባንክ ሀንክ፣ የተናገረው የግራንድማስተር ካዝን ስንኞች ነበር። የካዝን ቅጽል ስም እንኳ ሳይቀይር እንዳለ ብሎታል! ካዝ ግን በሸክላው ላይ በደራሲነት አልተጠቀሰም። «የሰው ቃል የሚናገር ገደል ማሚቶ ነው» አለ የታሪኩ። የኬንድሪክ ላማርን የ2018 የፑሊትዘር ሽልማትም ጨመረበት። ሽልማት ግን ለእኔ ማስረጃ ስላልሆነ አልፈዋለሁ።

የፊዚክሱ ተኝቶ ነበር።

እንግዲህ ተራዬ ደረሰና የግራንድማስተር ፍላሽና የፊውሪየስ ፋይቭን «ዘ ሜሴጅ» አነሣሁ። በ1982 የወጣ ነው። የአሜሪካ የምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት በብሔራዊ የድምፅ ቅጂዎች መዝገቡ ውስጥ መጀመሪያ ያስገባው የሂፕ ሆፕ ሥራ ይኸው ነው። እኔ ያነሣሁት ግን ሦስቱንም ተከራካሪዎች ስለሚያስቸግር ነው። ምቱ ዝግ ያለ ነው፤ በደቂቃ 100 ያህል ቢመታ ነው፤ የዚያ ዘመን ጨፋሪ ከለመደው ያንሳል። ቤት አመታቱም ከራኪም ጋር አይወዳደርም። እውነቱስ የማን ነው? የቡድኑ አባላት ዘፈኑን መጀመሪያ አልፈለጉትም፤ ሰው ድግስ የሚመጣው ሊጨፍር እንጂ የችግሩን ዝርዝር ሊሰማ አይደለም ብለው ነበር። የኩባንያዋ ባለቤት ሲልቪያ ሮቢንሰን ናት ይሠራ ያለችው። አብዛኛውን የጻፈው ኤድዋርድ ፍሌቸር፣ በሙያ ስሙ ዱክ ቡቲ፣ የብሮንክስ ልጅ እንኳ አልነበረም። በኒው ጀርሲ ግዛት፣ በኤሊዛቤት ከተማ ተወልዶ ያደገ፣ ኮሌጅ የጨረሰ የኩባንያው ከበሮ መቺ ነበር። ከቡድኑ አባላት መካከል በዘፈኑ ውስጥ ራፕ የሚለው ሜሊ ሜል ብቻ ሲሆን ሌላው ድምፅ የዱክ ቡቲ ነው። ፍላሽ፣ ስሙ ከላይ የተጻፈው፣ ከመጨረሻዋ አጭር ጭውውት በቀር የለበትም።

የታሪኩ «ታዲያ ውሸት ነዋ?» አለ።

«ቆይ» አልኩና ሁለት ዘፈን አከታትዬ ከፈትኩ። በ«ዘ ሜሴጅ» መጨረሻ ሜሊ ሜል የአንድን ልጅ ሕይወት፣ ከተወለደበት ቀን አንሥቶ እስር ቤት ውስጥ እስከሞተበት፣ ይተርካል። እነዚያ ስንኞች ግን አዲስ አልነበሩም። ከሦስት ዓመት በፊት፣ በ1979፣ ይኸው ቡድን «ሱፐርራፒን» በተባለው ሸክላው ላይ ብሏቸዋል። እዚያ በፈጣን የጭፈራ ምት ላይ፣ በጉራና በሆይ ሆይታ መካከል ይመጣሉ። ጆሮዬን ጥዬ ካልጠበቅኋቸው ያመልጡኛል። በ1982 ያው ሰው ያንኑ ቃል በዝግታው ምት ላይ ሲያስቀምጠው ግን ከአንዱ ስንኝ ወደ ሌላው ሲሸጋገር በመካከል ዝምታ አለ። በዚያች ዝምታ ውስጥ ልጁ ይታየኛል። ቃሉ ያው፣ ተናጋሪው ያው፤ አንደኛው ዘፈን ያስጨፍራል፣ ሁለተኛው ያስቀምጣል። እንግዲህ ታላቅነቱ በቃሉ ነው እንዳንል ቃሉ በ1979ም ነበረ፤ በምቱ ነው እንዳንል ምቱ ብቻውን ከጥቂት የኪቦርድ ድምፅ አይበልጥም። ቃሉ የሚመጥነውን ምት ያገኘበት ቦታ ነው ታላቅ ያደረገው፤ ወረቀት ላይ ብቻ አንብቦ ይህንን የሚያውቅ የለም።

«ምቱ ነው አላልኳችሁም?» አለ የስፖርቱ። የሒሳቡ «ቃሉ ነው እንጂ!» አለው። የእንግሊዝኛው፣ እስከዚያ ዝም ብሎ ሲተረጉምልን የነበረው፣ ዱክ ቡቲ ኋላ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ ወይ ብሎ ጠየቀን። መምህር ሆነ። ሁለተኛ ደረጃ አስተምሯል፤ ቆይቶም በጆርጂያ ግዛት በሳቫና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር ኖሮ በ2021 ዐረፈ። ስድስታችንም (የፊዚክሱ ነቅቶ ነበር) ሳቅን። ሳቁ እኔን ግን ቶሎ ለቀቀኝ።

ምክንያቱን ልናገር። በማስተማር ልምምድ ላይ ሳለሁ ለ7ኛ ክፍል ተማሪዎች «ሠፈሬ» በሚል ርዕስ ግጥም ጽፋችሁ ኑ ብዬ ነበር። አንድ ከኋላ የሚቀመጥ ልጅ ራፕ ጽፎ አመጣ። ስንኞቹ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር፤ አንድ ቃል ሦስት ጊዜ ተደጋግሞ ይመጣል። እኔም ሐረግ ቆጥሬ፣ አልገጥም ሲለኝ፣ በቀይ እስክሪብቶ 3 ከ10 ሰጠሁትና «ይህ ጩኸት እንጂ ግጥም አይደለም» ብዬ ጻፍኩበት። ያችን የተደጋገመች ቃል ሁለቱን ሰርዤ አንዷን ተውኩለት። አሁን ሳስበው በእነዚያ ሁለት ቃላት ላይ ነበር ምቱ የሚያርፈው። በላቸው ብዬ ግን አልጠየቅሁትም፤ ያነበብኩት በዐይኔ ብቻ ነው።

ሰኞ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። ልጁን በዕረፍት ሰዓት ጠርቼ «እስቲ ያንን ሥራህን በቃልህ በልልኝ፤ ጠረጴዛውን እኔ እመታልሃለሁ» አልኩት። መሬት መሬት እያየ «ረስቼዋለሁ ቲቸር» አለኝ። አልረሳውም፤ እንኳን ልጁ እኔም አልረሳሁትም። ደብተሩን ተቀብዬ ማርኩን አስተካከልኩ፣ የጻፍኩትንም ሰረዝኩ። አዲሱን ቁጥር አየት አደረገና ደብተሩን ዘግቶ ወደ ሜዳው ወጣ። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሜ ጠየቅሁት፤ መልሱ ያው ነበር። የልምምድ ጊዜዬ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል።

ክርክራችን አሁንም አልተዘጋም። የስፖርቱ አዲስ ማስረጃ አለኝ እያለ ይዝታል፤ የሒሳቡም ሌላ ወረቀት እያቀላ ነው። እኔ ስለ «ዘ ሜሴጅ» ባልኩት የማትስማሙ ሠልጣኞችም ሆናችሁ መምህራን ካላችሁ ጽፋችሁ ከዚህ ጽሑፍ ጎን ለጥፉልኝ፤ በስተቀኝ በኩል ቦታ አለ።