የተጠየቀው ገበሬ መልሱን መቼ ይሰማል?

ውድ አንባቢ ሆይ፤ አንድ እንግዳ ከደጅህ መጥቶ ስንት ልጅ እንዳለህ፣ ስንት ቀፎ እንደሰቀልህ፣ ውሃ ከየት እንደምትቀዳ ጠይቆህ፣ ቃልህን በወረቀት ጽፎ ከሄደ በኋላ ድምፁ ቢጠፋ ምን ትላለህ? እኔ በቦንጋ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። ከተማሪዎቼ ወላጆች ብዙዎቹ በቡናና በማር የሚተዳደሩ ገበሬዎች ናቸው። አንድ አባት «መምህር፣ ጠያቂ አልቸገረንም፤ የቸገረን መልሶ የሚነግረን ነው» ብለውኛል። ነገሩ እውነት ስለሆነ በዚህ ገጽ ላወያይህ ወደድሁ።

በከፋ ጫካ ቡና ሰው ሳይተክለው ይበቅላልና ተመራማሪዎች ቢመላለሱበት አያስደንቅም። በ1990ዎቹ አጋማሽ የጀርመኑ የቦን ዩኒቨርሲቲ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና ከሌሎች የኢትዮጵያ የምርምር ተቋሞች ጋር ሆኖ የጀመረው ጥናት፣ የጫካውን ቡና ዘር፣ በሽታን የመቋቋም ኃይሉን፣ ዋጋውንና የደኑን አስተዳደር መርምሯል። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ዩኔስኮ ከፋንና የኢሉባቦሩን ያዩን በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ አስገብቷቸዋል። በዚህ ደንብ መሠረት ምድሩ በሦስት ይከፈላል፤ አንደኛው ጨርሶ የማይነካ ደን ነው፤ ሁለተኛው በልክ ቡና የሚለቀምበትና ማር የሚቆረጥበት ነው፤ ሦስተኛው ሰው የሚኖርበትና የሚያርስበት ነው።

እንግዲህ አስተውል፤ በካርታ ላይ የምትሰመር አንዲት መስመር የገበሬውን ቀፎ፣ ማገዶውንና የልጁን ደብተር መግዣ ትነካለች። የከፋ ሰው ካርታ ሳይመጣ በፊት ኮቦ በሚባለው ልማድ ደኑን ተከፋፍሎ፣ ማን በየትኛው ሥፍራ ቀፎ እንደሚሰቅል ለይቶ ያውቅ ነበር። ገበሬው በበኩሉ አዋቂ ነውና ዕቅድ በሚወጣበት ጊዜ እንደ አማካሪ ሊቀመጥ ይገባዋል።

ይልቁንም የማንጃ ወገኖቻችንን ነገር ማሰብ ያስፈልጋል። ኑሯቸው ማገዶና ከሰል በመሸጥ ከደኑ ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ ከጎረቤቶቻቸው ማዕድ ሳይቀር ለብዙ ዘመን ተገልለው ኖረዋል። ደኑ ሲከለል ከሁሉ በፊት የሚጎዱት እነሱ ናቸው፤ ዳሩ ግን ሳይጋበዙ የቀሩበት ስብሰባ ችግራቸውን ሊያውቅ አይችልም።

አሁን ግን ምክንያት የምንፈጥርበት ጊዜ አይደለም። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ዩኒቨርሲቲዎችን ከማስተማርና ከመመራመር ሌላ ኅብረተሰቡን እንዲያገለግሉ ያዛል። ቦንጋም ዛሬ የራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ በ2014 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል የፖለቲካ መቀመጫም ሆናለች። አጥኚውና ዕቅድ አውጪው በአንድ ከተማ ሲኖሩ ለመገናኘት ምን ይከለክላቸዋል?

በእኔ አስተያየት ሦስት ነገሮች ይበቃሉ። አንደኛ፣ ማንኛውም ጥናት ሲያልቅ ውጤቱ በካፊኖኖ ተተርጉሞ በየቀበሌው ይነበብ። ሁለተኛ፣ ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቁ ተማሪዎቻችን በጥያቄውም በትርጉሙም ይርዱ፤ እነሱም ትምህርት ያገኙበታል። ሦስተኛ፣ የዞኑ ሹማምንት ከጥናቱ የትኛውን እንደተቀበሉና የትኛውን እንደተዉ፣ ከነምክንያቱ ለሕዝብ ይንገሩ።

አንባቢ ሆይ፤ ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ገበሬውን ሰው ብሎ ማክበር ነው። አንተም በምትኖርበት አገር ስለ ወንዝህና ስለ መንገድህ የተጻፈ ጥናት ካለ፣ ሄደህ «ምን አገኛችሁ?» ብለህ ጠይቅ።